የኩፍኝ ክትባት የእናቴን የጡት ካንሰር ያድናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «እማዬ 52 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘ፣ ብብቷ ውስጥም ገብቷል ተባለ። እጢው እንዲያንስ መጀመሪያ ኬሞ ትውሰድ፣ ኦፕራሲዮኑ ከዚያ በኋላ ነው አሉን። ሁለት ዙር ወስዳለች፣ ሦስተኛው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ግን አቦ ኬሞው ጨረሳት። ጸጉሯ ረግፏል፣ ምግብ አትቀምስም። አንዲት የክሮኤሺያ ሳይንቲስት የራሷን የጡት ካንሰር በኩፍኝ ቫይረስ አዳነች የሚል ቪዲዮ አየሁ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ የኩፍኝ ክትባቱን ብልቃጥ ላገኝልሽ እችላለሁ፣ እጢው ላይ መውጋት ነው አለችኝ። ኩፍኝ እኮ የልጅ በሽታ ነው፣ ክትባቱም ለ9 ወር ሕጻን የሚሰጥ ነው። ምን ይጎዳታል? ደግሞስ ቫይረስ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ አሁን እንዴት ነው የሚያድነው?»

እናትሽን እንዳታስወጊ። መልሱ ይኸው ነው። ምክንያቱን ግን በደንብ ማወቅ አለብሽ፤ ዛሬ እኔ እምቢ ብልሽ ነገ ሌላ ሰው እሺ ይልሻልና።

ከክትባቱ ልጀምር። የኩፍኝ ክትባት የሞተ ነገር አይደለም። በሕይወት ያለ፣ ግን አቅሙ እንዲደክም የተደረገ ቫይረስ ነው። ጤነኛ ሕጻን ሲወጋ ቫይረሱ ትንሽ ይራባል፣ የልጁ ሰውነት ያውቀዋል፣ ይይዘዋል፣ ያጠፋዋል፣ መልኩንም አይረሳም። ይህ ሁሉ የሚሆነው የሰውነት መከላከያ ስላለ ነው። ኬሞ ደግሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ በፍጥነት የሚራባ ሴል ሁሉ ላይ ነው የሚዘምተው። ጸጉር የሚረግፈው ለዚህ ነው፣ አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው፣ ነጭ የደም ሴል የሚወርደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ለ9 ወር ሕጻን የሚሰጥ ነገር ትልቅ ሰው ምን ያደርጋል» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ ይገለበጣል። በመከላከያ በኩል የ9 ወሩ ሕጻን ዛሬ ከእናትሽ ይበረታል። መከላከያቸው በጣም የወረደ ሰዎች ላይ የክትባቱ ቫይረስ ራሱ ሳንባና አንጎል ውስጥ ገብቶ የገደለበት አጋጣሚ በሕክምና ተመዝግቧል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው የኩፍኝ ክትባት አይሰጥም የሚባለውም ለዚህ ነው።

«የልጅ በሽታ» ስለምትይውም ነገር አንድ ቃል። ኩፍኝ ልጅ ይገድላል። በኛ አካባቢም በየጊዜው እየተነሳ ገድሏል። ያልገደለውንም ልጅ ሰውነቱ ስለሌሎች በሽታዎች የተማረውን ያስረሳዋል፤ ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሌላ በሽታ የሚጠቃው ለዚህ ነው። ቀላል በሽታ የመሰለሽ አብዛኛው ሰው ስለተከተበ ነው።

አሁን ወደ ክሮኤሺያዋ ሴት እንሂድ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ቪዲዮው ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። ቤያታ ሃላሲ ትባላለች፤ ዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠራ የቫይረስ ተመራማሪ ናት። ጡቷ በካንሰር ምክንያት ተወግዶ ነበር። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ በ49 ዓመቷ፣ እዚያው ቦታ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰባት። ኬሞ ድጋሚ አልወስድም አለች። ላብራቶሪ ውስጥ ራሷ ያዘጋጀችውን የኩፍኝ ክትባት ዝርያ ቫይረስ፣ ከዚያ ደግሞ ከብት የሚያጠቃ ሌላ ቫይረስ፣ እጢው ላይ በተደጋጋሚ አስወጋች፤ ሕክምናው ሁለት ወር ያህል ፈጀ። እጢው አነሰ፣ ከጡንቻው ላይ ለቀቀ።

ቪዲዮው እዚህ ጋ ያበቃል። እሷ ግን እዚህ አላበቃችም። እጢው በኦፕራሲዮን ወጣ። ከዚያ በኋላ ትራስቱዙማብ የሚባል የታወቀ የጡት ካንሰር መድኃኒት አንድ ዓመት ወሰደች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የካንሰር ሐኪሞቿ እየተከታተሏት ነበር፣ ነገሩ ከተበላሸ ወደ መደበኛው ሕክምና ለመመለስ ተዘጋጅተው። ጽሑፉ በ2024 ሲወጣ ካንሰሩ ወደ 4 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተመለሰም ነበር። ደስ ይላል። ግን ልብ በይ፤ ቫይረሱን ስትወጋ ኬሞ ላይ አልነበረችም፣ መከላከያዋ ሙሉ ነበር። የወጋችውም ለዚሁ ብላ አብዝታና አጣርታ ያዘጋጀችውን እንጂ ከጤና ጣቢያ ፍሪጅ የወጣ ብልቃጥ አይደለም። ከሦስቱ፣ ማለትም ከቫይረሱ፣ ከቢላዋውና ከመድኃኒቱ፣ የትኛው ስንት እጅ እንደረዳት ከአንድ ሰው ታሪክ ሊለይ አይችልም። እሷም ብትሆን ካንሰር ሲገኝብን መጀመሪያ የምንሮጥበት መንገድ ይህ ይሁን አላለችም፤ ጽሑፏ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ታዲያ ሐሳቡ ውሸት ነው? በፍጹም። እኔ እንደውም የካንሰር ሕክምና ውስጥ ካሉት ነገሮች በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው።

ቫይረስ ካንሰርን እንደሚነካ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1912 አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም የማህጸን በር ካንሰር ያለባት ሴት ውሻ ነክሷት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተሰጣት በኋላ እጢዋ እንደቀነሰ ጻፈ። ለኛ ቀረብ የሚለው የ1971 ነው። ዩጋንዳ ውስጥ የ8 ዓመት ልጅ ነው፣ ዓይኑ አካባቢ በርኪት ሊምፎማ የሚባለው እጢ ወጥቶበታል። በርኪት የአፍሪካ ልጆችን መንጋጋና ፊት የሚያሳብጥ ካንሰር ነው፤ ሲያድግ በቀናት ነው የሚያድገው። ሕክምና ሳይጀመርለት ኩፍኝ ያዘው። የኩፍኙ ሽፍታ ሲወጣበት እጢው መሟሸሽ ጀመረ፣ ከዚያ ጠፋ። ሐኪሞቹ ፎቶ አንስተው፣ ጽፈው አሳተሙት። ያንን ፎቶ የሕክምና ተማሪ ሆኜ ሳየው የተሰማኝን አሁንም አስታውሳለሁ።

ግን በነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ሆኗል፤ እሱን ቪዲዮ የሚሠራበት የለም። በ1949 አሜሪካ ውስጥ ሆጅኪን የሚባል ካንሰር ላለባቸው 22 ሰዎች የጉበት ብግነት ቫይረስ ያለበት ደም ተሰጣቸው። ጥቂቶቹ ለአጭር ጊዜ ሻል አላቸው፣ ጉበታቸው ግን ታመመ፣ በዚሁ የሞተም ነበር። በ1950ዎቹ ሌሎች ቫይረሶችም ተሞከሩ፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፦ ወይ ሰውነት ቫይረሱን ቶሎ ያጠፋዋል፣ ወይ ቫይረሱ ሰውየውን ያሳምመዋል። መሃሉ ጠባብ ነው። ተመራማሪዎች ቫይረሱን በጂን ደረጃ መቀየር እስኪችሉ ድረስ ነገሩ ለአስርት ዓመታት ተቀዛቀዘ።

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ። ጤነኛ ሴል ቫይረስ ሲገባበት ዝም አይልም፣ ይጮኻል። ኢንተርፌሮን የሚባል ነገር ይረጫል፣ ጎረቤት ያሉ ሴሎች በራቸውን ይዘጋሉ፣ ቫይረሱም ብዙ ሳይራመድ ይያዛል። የካንሰር ሴል ግን ይህ ደወል ብዙ ጊዜ ተበላሽቶበታል፤ እንደ ልቡ ለመባዛት ሲል መስመሩን ቆርጦታል ማለት ትችያለሽ። ስለዚህ ያው የደከመ ቫይረስ ጤነኛው ሴል ውስጥ አቅም ያጣል፣ ካንሰሩ ውስጥ ግን ይፋፋል፣ በመጨረሻ ሴሉን አፈንድቶ ወደ ቀጣዩ ይዘልቃል። የኩፍኝ ክትባት ዝርያ ደግሞ ሲዲ46 የሚባል በር ነው የሚፈልገው፤ ይህ በር ብዙ የካንሰር ሴል ላይ ከጤነኛው በላይ ይገኛል። ኩፍኝ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። «ቫይረሱ ካንሰሩን ይበላዋል» ይላሉ። ጥቂት ይበላል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይሆን የራስሽ መከላከያ ነው። የካንሰር ሴል ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል፤ እስከዛሬ ካንሰሩን አልፈውት ሲሄዱ የነበሩት ነጭ የደም ሴሎች ቫይረሱን ፍለጋ መጥተው ካንሰሩን ያገኙታል። ከሠመረ ቫይረሱ ያልደረሰበት ቦታ ያለውን እጢም አሳድደው ይመታሉ። ስለዚህ መከላከያው ከወደቀ ነገሩ ሁለት ጊዜ ይበላሻል፤ ቫይረሱን የሚያቆመው የለም፣ ካንሰሩን የሚመታውም የለም።

ሐረር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ጅብ አውሬ ነው። የጁገል ግንብ ላይ ግን ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ማታ ይገባል፣ በየመንገዱ የተጣለውን ሥጋና አጥንት ያጸዳል፣ ሲነጋ ይወጣል። ሰውና ጅብ ተስማምተው የሚኖሩት ቤቱ በር ስላለው፣ ሰውም ነቅቶ ስለሚያድር ነው። በር የሌለው ቤት ውስጥ የተኛ በሽተኛ ላይ ያንኑ ጅብ ብትለቂው ያጸዳልኛል አትይም። እናትሽ አሁን፣ በኬሞው ሰሞን፣ በራቸው ክፍት ነው።

በትክክል ተሠርቶ፣ ተፈትኖ ለሕሙማን የተፈቀደ ቫይረስ አለ ወይ? አለ። ቻይና በ2005 ለራስና አንገት ካንሰር ከኬሞ ጋር የሚሰጥ የተቀየረ የጉንፋን ቫይረስ ፈቀደች። ጃፓን በ2021 ለአንድ ዓይነት የአንጎል እጢ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች። በሰፊው የሚታወቀው ግን በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቲ-ቬክ ነው። ቫይረሱን ታውቂዋለሽ። ከንፈርሽ ላይ የሚወጣው፣ ምች መታኝ ብለሽ ዳማከሴ የምትቀቢው ቁስል የሚመጣው ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ፀሐዩ ይቀሰቅሰዋል እንጂ አያመጣውም። ይህንን ቫይረስ ወስደው ጤነኛ ሴል ውስጥ ለመራባት የሚረዳውን ጂን ቆረጡለት፤ ከመከላከያ የሚደብቀውንም ሌላ ጂን አወጡ። በምትኩ ነጭ የደም ሴሎችን የሚጠራ ጂን ጨመሩበት። የሚሰጠውም ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው፤ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ የሚወጣው ጥቁር ቁስል ማለት ነው። በመርፌ እዚያው እጢው ላይ ይወጋል፣ ከመጀመሪያው በኋላ 3 ሳምንት ተጠብቆ፣ ከዚያ በየ2 ሳምንቱ።

ውጤቱስ? 436 ሕሙማን ላይ ተፈተነ። እጢያቸው በደንብ ቀንሶ ቢያንስ ለ6 ወር እንደዚያው የቆየላቸው ከ100 ሰው 16ቱ ገደማ ናቸው። ለማነጻጸር ሌላ መድኃኒት ከተሰጣቸው ደግሞ ከ100 ሰው 2ቱ ገደማ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። 16 ግን 100 አይደለም። ይሄ ደግሞ እስካሁን ከተሳኩት ሁሉ የታወቀው ነው። ጉበትና ሳንባ ላይ የተሰራጨ ካንሰር ላይ ጥቅሙ በጣም ያንሳል። በኋላ ቲ-ቬክን ከዘመናዊ የመከላከያ ቀስቃሽ መድኃኒት ጋር ደርበው ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ሞከሩት፤ ሁላችንም በጉጉት እንጠብቀው ነበር፣ የመድኃኒቱን ውጤት የሚያሻሽል ነገር አልታየም። ለጉበት ካንሰር ታስቦ ከፈንጣጣ ክትባት ቫይረስ የተሠራውም በ2019 አይጠቅምም ተብሎ ጥናቱ ቆመ። ለጡት ካንሰር የተፈቀደ ቫይረስ ግን እስካሁን በየትኛውም አገር የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለየትኛውም ካንሰር የሚሰጥበት ቦታ የለም። «እኛ ጋ አለ» የሚልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ላትቪያ ውስጥ ሪግቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት በ2004 ተመዝግቦ ለዓመታት ተሸጠ፤ ከሩቅ አገር ድረስ ሰው ቤቱን ንብረቱን ሸጦ ሄዷል። በ2019 ብልቃጡ ሲመረመር ውስጡ የተጻፈውን ያህል ቫይረስ የለውም፣ ከገበያ ታገደ። እኔ ጋ የሚመጡ ዘመዶቻቸው ውጭ ያሉ ቤተሰቦች እስካሁን ድረስ የዚህን ዓይነት ክሊኒክ ማስታወቂያ በስልካቸው ያሳዩኛል።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ፤ ቁጥሩን ብቻ ማየት ይበቃሻል። በ2014 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ የአጥንት መቅኒ ካንሰር ላለባቸው ሁለት ሴቶች የተቀየረ የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ በደም ስር ተሰጠ። አንዷ ላይ ካንሰሩ ጠፋ፣ ዓለም ሁሉ ጻፈው። የተሰጣት መጠን ስንት ነበር? 100 ቢሊዮን ቫይረስ። 10 ሚሊዮን ሰው መከተብ የሚችል ማለት ነው! የድሬዳዋን ሕዝብ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ የሚከትብ ክትባት በአንድ ሰው ደም ውስጥ። ጓደኛሽ የምታመጣልሽ ብልቃጥ ደግሞ ቢበዛ 10 ልጅ የሚከትብ ነው፤ ከተበጠበጠም በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ቀዝቃዛ ሳጥን ሳይኖረው በድሬ ፀሐይ በባጃጅ ከመጣማ እሱንም አይቆይም።

ሌላም ነገር አለ። እናትሽ 52 ዓመታቸው ነው። በሳቸው ልጅነት ኩፍኝ ያልያዘው ልጅ ጥቂት ነው፤ ሰውነታቸው ቫይረሱን ያውቀው ይሆናል። ማዮ ክሊኒክ የተመረጡት ሴቶች ደማቸው ውስጥ የኩፍኝ መከላከያ እምብዛም ያልነበራቸው ናቸው። «ታዲያ ካወቀው አይጎዳትም ማለት ነዋ» እንዳትይኝ። ኬሞው ያንን ትውስታ ምን ያህል እንደሸረሸረው አናውቅም። እንበል ሰውነታቸው ቫይረሱን አያውቀውም፤ ቫይረሱ እሳቸውን ያጠቃል። እንበል ያውቀዋል፤ ያቺን ታህል ቫይረስ እጢው ጋ ሥራ ሳትጀምር ያጠፋታል። በሁለቱም በኩል ካንሰሩ እንዳለ ነው። በዚያ ላይ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰሞን እቤት ውስጥ እጢ ላይ መርፌ መውጋት በራሱ ባክቴሪያ ማስገባት ነው፤ የሚያሳስበኝ ይህም ነው።

«ቫይረስ ካንሰር ያመጣል» የምትይው ትክክል ነው። የማህጸን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ አለ፣ ክትባቱ ከ2018 ጀምሮ እኛም አገር ለሴት ልጆች ይሰጣል። የጉበት ካንሰርን የሚያመጣ ቫይረስም አለ፣ ክትባቱ ሕጻናት ከሚወስዱት አምስቱን በአንድ ከያዘው መርፌ ውስጥ ነው። ለሕክምና የሚመረጡት ግን ሌሎች ናቸው፣ የገቡበትን የካንሰር ሴል ፈጥነው የሚገድሉት። ቫይረስ ስለሆነ ብቻ መድኃኒት ነው ማለትም፣ ቫይረስ ስለሆነ ብቻ ጠላት ነው ማለትም ትክክል አይደለም። ስንወለድ ክንዳችን ላይ የምንወጋው የቲቢ ክትባት እንኳን፣ ባክቴሪያ ቢሆንም፣ ለአንድ ዓይነት የሽንት ፊኛ ካንሰር ፊኛ ውስጥ እየተጨመረ ለአስርት ዓመታት ሰው አድኗል። በመርማሪ እጅ፣ በተለካ መጠን፣ ለተመረጠ ካንሰር።

እንግዲህ ምን ታድርጊ?

ሦስተኛው ዙር እንዳይቀር። እየለመንኩሽ ነው። የእናትሽ ካንሰር ብብት ደርሷል እንጂ፣ ከነገርሽኝ እንደተረዳሁት፣ ከዚያ አላለፈም። ኬሞው፣ ኦፕራሲዮኑ፣ ካስፈለገም ጨረሩ በሰዓቱ ከተሠራ ሊድን የሚችል ካንሰር ነው። ሊድን የሚችል! ዙር መዝለል ደግሞ ለካንሰሩ እፎይታ መስጠት ነው። አንድ ታካሚ ነበረችኝ፣ በዕድሜ ከእናትሽ የምታንስ፣ ሁለት ዙር ወስዳ የደከማት ጊዜ አንድ የሚሰጥ ነገር አለ ብለዋት ሄደች። ከ7 ወር በኋላ ተመለሰች። ያኔ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ስታየኝ የነበራትን ዕድል ልመልስላት አልቻልኩም። ያቺን ቀን አልረሳትም።

አለመብላቱንና ማቅለሽለሹን «ኬሞ እንዲህ ነው» ብላችሁ አትሸከሙት። ለሐኪሙ ንገሪው። ማስታወክ የሚከለክል ጥሩ መድኃኒት አለ፣ የሚወሰድበት ሰዓት ወይም ዓይነቱ ይቀየራል፣ መጠኑም ይስተካከላል። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይወጣና እቤቱ ገብቶ ያለቅሳል። ለእናትሽ አንቺ ተናገሪላቸው። ስንት ቀን እንዳስመለሳቸው፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ጻፊና ይዘሽ ግቢ።

ካንሰሩ የሆርሞን መቀበያ እንዳለውና ሄር-2 የሚባለው ምርመራ መሠራቱን ጠይቂ። ናሙናው ላይ የሚሠራ ምርመራ ነው፣ ካልተሠራ ይሠራ። ሆርሞን ከተቀበለ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን አለ፤ በየቀኑ ለዓመታት የሚዋጥ፣ ዋጋው ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ የሚቻል፣ ብዙ ሴት ያዳነ። ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን ካንሰሩ ላይ በዝቶ ከተገኘ ደግሞ ያ የክሮኤሺያዋ ሴት የወሰደችው ትራስቱዙማብ ለእናትሽም ሊሆን ይችላል። አየሽ፣ ከሷ ታሪክ መውሰድ የምትችይው ነገር ካለ ይኸኛው ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም፤ ቢሆንም ከኩፍኙ በፊት የሚጠየቀው ስለሱ ነው።

ትኩሳትን በጣም ተጠንቀቂ። ድሬ ላይ ሰው ሲተኩስ «ሙቀቱ ነው» ይባላል፣ ካልሆነ «ወባ ነው»፣ «ደንጊ ነው»፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ «ቺኩንጉንያ ነው»። ይህ ሁሉ ድሬ ውስጥ ስላለ ሰው አይፈረድበትም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ግን፣ በተለይ መድኃኒቱን ከወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ቴርሞሜትር ግዢ፣ በእጅ መዳበስ አይበቃም። 38 ካነበበ ፋርማሲ አትሂጂ፣ ፓራሲታሞል ሰጥተሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። በሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸውና «ኬሞ ላይ ናት» ብለሽ በር ላይ ተናገሪ። ክትትላቸው ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቢሆንም ትኩሳት ይዟቸው በሌሊት የደንገጎን ዳገት መውጣት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እዚያው ድሬ ይጀመርላቸው፣ ሐረር በኋላ ይደረሳል።

ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት ለጊዜው ይቅር። የግመል ወተት ካንሰር ያድናል የሚለውን ሰምተሽ ይሆናል። ምግብነቱ ጥሩ ነው፣ ከወደዱት ይጠጡ፣ ግን አፍልተሽ ስጫቸው፤ ጥሬው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ለሳቸው አሁን አደጋ ነው። የሚጨስ፣ የሚጠጣ፣ ከመቀሌ ወይም ከጅግጅጋ የመጣ የሚባል ቅጠል ካለ ለሐኪሙ ሳታሳዪ እንዳትሰጪ፤ አንዳንዱ ጉበት ላይ ከኬሞው ጋር ይጋጫል።

ክትባት ለመስጠት እጅሽ ካሳከከሽ ግን የሚከተብ ሰው ቤትሽ ውስጥ አለ። አብረዋችሁ የሚኖሩ ሕጻናት ካሉ የ9 ወሩንና የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት መጨረሳቸውን ካርዳቸውን አውጥተሽ እይ። ያመለጠው ካለ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የተከተበ ልጅ እናትሽን በኩፍኝ የማስያዙ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ያልተከተበው ከትምህርት ቤት ወይም ከጎረቤት ይዞባቸው ሊመጣ ይችላል። ጓደኛሽንም ያንን ብልቃጥ ለነሱ እንድታውለው ንገሪያት።